የነቀዝ ዱቄትና የግራ ጡቴ

ግራ ጡቴ ውስጥ እብጠት መኖሩን ያወቅሁት ካቦ ደምሴ በአካፋ እጀታ ደረቴን ከመታኝ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔም፣ ባሌም፣ ወንድሜም፣ ጎረቤቱም ሁሉ በሽታዬን ዱላው ያመጣው ነው ብለን አመንን። ይህ እምነት ሰው ሊያስገድል ምንም አልቀረውም ነበር። የደረሰብኝን የምናገረው አንድም ለዚህ ነው፤ ሌላው ደግሞ ዛሬም በየመጋዘኑ አፏን ሳትሸፍን መርዝ የምታሽ ሴት ካለች እንድትሰማኝ ብዬ ነው።

ስሜ የሺ ነው። የጎጃም ሰው ነኝ። ባሌን ሞላን ተከትዬ አዲስ አበባ የገባሁት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሞላ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የምንኖረው ከሲኒማ ራስ ጀርባ በአንዲት ጭቃ ቤት ሲሆን፣ እኔ እህል በረንዳ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ እህል አበጥር ነበር። ጤፉን እናነፍሳለን፣ ምስሩን ከጠጠር እንለያለን፣ ሽምብራውን እንነፋለን። እህሉ ከገጠር ገብቶ ሲከመር ደግሞ ሌላ ሥራ ይጨመርልናል። ዱቄቱ ይመጣል።

ዲዲቲ ነው የምንለው። ነጭ ነው፣ እንደ በሶ የላመ፤ ሽታው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። እህሉን ነቀዝ እንዳይበላው ካቦው ከጆንያ በአካፋ እየዛቀ ክምሩ ላይ ይበትነዋል፤ እኛ ሴቶቹ ክምሩ ላይ ወጥተን በእግራችንና በእጃችን እናዋህደዋለን። ጓንት የለ፣ ጫማ የለ። ስንወርድ ሽፋሽፍታችን ሳይቀር ነጭ ይሆናል፤ ኩሊዎቹ «ሙሽሮቹ መጡ» እያሉ ይስቁብን ነበር። ነቀዝ ነው እንጂ ሰው አይነካም ተብለናል። እንዲያውም እንደ ሲሳይ ነበር የምናየው። ሁላችንም በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን ወደ ቤት እንወስዳለን፤ ለትኋን አልጋ ላይ እንነሰንሳለን፣ ለቅማል ፀጉራችን ውስጥ እናሻለን። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንዱን ልጄን ወልጄ ከአራስ ቤት ከወጣሁ በኋላ ጡቴን ሳልታጠብ እያጠባሁ ያሳደግሁት እዚያው መጋዘን በር ላይ ነው።

ጠቡ የተነሣው በከድጃ ነው። ከድጃ የስልጤ ልጅ ናት፣ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስናበጥር ስለኖርን እንደ እህት ነበርን። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዱቄቱ ሲበተን ሆዷን እያስያዘ ያስመልሳት ጀመር። ካቦው ደምሴ ይባላል፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነው።

«ካቦ፣ ዛሬ ክምሩ ላይ አልወጣም፤ እዚህ ሆኜ ምስሩን ልልቀም» አለችው።

«ካልወጣሽ በሩ ያውልሽ!»

«ነፍሰ ጡር እኮ ናት፤ የእሷንም እኔ እሠራዋለሁ» አልኩት።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ጠበቃ!»

ከድጃን ክንዷን ይዞ ገፈተራት። ክምሩ ላይ በጉልበቷ ወደቀችና እዚያው ባቄላው ላይ አስመለሰች። «እህሉን አበላሸሽው!» ብሎ አካፋውን ሲያነሣ መሀል ገባሁ። እጀታው ግራ ጡቴ ላይ አረፈ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። መልሶ ሊመታኝ እጁን ሲዘረጋ እጁን አፌ ውስጥ ከተትኩና ነከስኩት። ጥርሴ አጥንት እስኪነካ ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ሞቀኝ። በፀጉሬ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፤ እኔ ግን አልለቀቅሁትም። ያኔ ሴቶቹ በሰፌድም፣ በወንፊትም፣ በእጃቸው በገባ ነገር ሁሉ ወረዱበት። ሁላችንም ነጭ፣ ደማችን ብቻ ቀይ ነበር። ኩሊዎች ገብተው ገላገሉን። ባለ መጋዘኑ መጥቶ አንድም ነገር ሳይጠይቅ እኔንና ከድጃን አባረረን።

ጡቴ እንደ ኮሽም ጠቆረ። ጥቁረቱ ለቆ ሲያበቃ ግን አንድ ነገር ውስጡ ቀረ። እንደ ሽምብራ ፍሬ ጠንካራ ነው። ስነካው ከእጄ አይሸሽም፣ አያመኝም። እብጠት የማያምም ከሆነ ክፉ አይደለም ብዬ ተጽናናሁ። እህቶቼ፣ ይህን አትመኑ። ክፉው የማያመው ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወጌሻ ዘንድ ነው። «ደም ረግቷል፤ ሲታሽ ይቀልጣል» አለኝ። ጡቴን በቅቤ ለውሶ በሁለት አውራ ጣቱ ይጨምቀው ገባ። እንባዬ ያለ ፈቃዴ ይወርድ ነበር። «ቻይው፣ እየቀለጠልሽ ነው» ይላል። ደጋግሜ ሄድኩለት። እብጠቱ አልቀለጠም፤ ሽምብራ የነበረው ባቄላ አከለ።

ቀጥሎ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ መውረጃ ካለች ክሊኒክ ሄድኩ። በሽተኛው ከጓሮው አጥር ጀምሮ ተሰልፎ መሬት ላይ ይቀመጣል። ልጅ ያቀፈች፣ እግሩ የቆሰለ፣ ደም የሚተፋ፤ ሁላችንም የምናየው ያቺን አንዲት በር ነበር። ተራ ያለፈበት ከተራ ቀዳሚው ጋር በቡጢ ይደባደባል፤ ዘበኛው ሁለቱንም በዱላ ይለያቸዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር በልብሴ ላይ ዳሰሰኝና «ወተት ነው የረጋብሽ» አለኝ።

«ልጄ ጡት ከጣለ ቆይቷል» አልኩት።

«የድሮው ወተት ነው» አለና ፔኒሲሊን ወጋኝ። እየተመላለስኩ ተወጋሁ። መቀመጫዬ አበጠ፤ ጡቴም ማበጡን አልተወም። ቆዳው እየተጨማደደ ጫፉ ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ነው በሽታን በጋለ ብረት ወደሚተኩስ ሰው የሄድነው። ሞላ በጭነት መኪና ሲመላለስ ከሰው የሰማው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰበታ መንገድ ላይ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው አየኝና «ይሄ ነገር እሳት ነው የሚፈራው» አለ። ብረቱን ከሰል ውስጥ ከቶ እስኪቀላ ጠበቀ። ሞላ ከኋላዬ ሆኖ ሁለቱን ትከሻዬን ያዘኝ። «አይዞሽ የሺ፣ አይዞሽ» ይለኛል። ብረቱ ጡቴ ላይ ሲያርፍ ከውስጤ የወጣው ጩኸት የእኔ አልመሰለኝም። የገዛ ሥጋዬ ሲጠበስ ሸተተኝ። እግሬን ፈንጥቄ ሽማግሌውን ሆዱ ላይ መታሁት፤ ብረቱ ከእጁ አምልጦ ጭኔ ላይ ወደቀ። «ያዛት እንጂ አንተ!» ብሎ ሞላን ጮኸበትና ብረቱን መልሶ ከሰል ውስጥ ከተተው። ሞላ ያዘኝ። እያለቀሰ ያዘኝ። ደግሞ ተኮሰኝ።

ቁስሉ አልደረቀም። መግል ይይዛል፣ ይፈርጣል፣ መልሶ ይይዛል። ቤታችን አንዲት ክፍል ናት፤ ሽታው የሚሸሽበት የለውም። ሞላ ምንጣፍ አንጥፎ በሩ ሥር መተኛት ጀመረ። አንድ ቀን ምግብ ሳቀርብለት ፊቱን አዙሮ «እስቲ መጀመሪያ ቁስልሽን ሸፍኚው» አለኝ። ሽሮውን ከነድስቱ ወረወርኩበት። ግንባሩን ፈነከትኩት። ልጆቹ እየጮሁ ወደ ጎረቤት ሮጡ። እሱም ደሙን በእጀታው እየጠረገ ወጣ፤ ሌሊቱን በራጉኤል ደጅ አደረ አሉ። እኔም በዚያ ሌሊት ልጆቼን አቅፌ ብብቴን ዳሰስኩ። እዚያም ሌላ ፍሬ ነበር።

ወንድሜ ይርጋ ከጎጃም የመጣው ያን ሰሞን ነው። ይርጋን እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ከልጅም በላይ ነው። በሩን እንዳለፈ ሽታው መታው መሰለኝ ቆመ። ነጠላዬን ገልጦ ቁስሉን አየ። አላለቀሰም።

«እታለም፣ ማነው?»

«ተወው ይርጋ። እኔም ነክሼዋለሁ።»

«ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

እኔ ዝም ብል ጎረቤቱ ነገረው። «ካቦ ደምሴ ነው፤ በአካፋ ጡቷን ብሎ ነው ለዚህ ያበቃት።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርጋ ጋቢውን ደርቦ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ደጃፍ እየተቀመጠ ይውላል። ደምሴን ያየዋል ብቻ። ደምሴም አወቀ። ወገቡ ላይ ዱላ ሳይሰካ ከመጋዘን አልወጣ አለ። ሰፈሩ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» ይላል፤ ይህም ለሞላ ስድብ ነበር። ይርጋ ማታ ማታ መጥቶ እግሬ ሥር ይቀመጥና «ሐኪም ቤት ወስደን ትድኚ እንደሆነ እናያለን። ካልዳንሽ እሱም አይኖርም» ይለኛል። ማስፈራሪያ አልነበረም። እንደ ቀጠሮ ነበር የሚናገረው።

ወደ ትልቁ ሆስፒታል የወሰዱኝ ሞላና ከድጃ ናቸው። ከድጃ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ጨቅላዋን በጀርባዋ አዝላ ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረን ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት የማላውቃት ሴት ሽታዬን ሰምታ ትሸሻለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከቦርሳዋ ሎሚ አውጥታ ለሁለት ቆረጠችና ግማሹን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ግማሹን እሷ አሸተተች።  የዚያችን ሴት ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ የሚለውን ሲስተሯ ትተረጉማለች። ቁስሉን ሲያይ ጥርሱን ነከሰ። «በእሳት እንዲህ ያደረገሽ ማነው?» ብሎ አስጠየቀኝ። ጡቴን፣ ብብቴን፣ አንገቴን ዳሰሰ። ከዚያ ሲስተሯ ሞላን ልትጠራው ወጣች፤ «ነቀርሳ ነው፤ ጡቷ መቆረጥ አለበት» ብላ እዚያው በሩ ላይ ነገረችው። ሞላ የቀረውን ለመስማት አልቆየም። የእግሩን ኮቴ ሰማሁት፤ እየሮጠ ነበር።

እኔ ግን የቀረውን ሰማሁ። «የመታኝ ሰው ነው ያመጣብኝ» አልኩ። ሲስተሯ ነገረችው፤ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ።

«አይደለም ይላል» አለችኝ። «ይህ ከምቱ በፊት የነበረ ነው። ሥር ሰዶ ብብትሽ ድረስ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ዱላው ጡትሽን እንድትዳስሺ አደረገሽ እንጂ ነቀርሳውን አላመጣውም።»

«ታዲያ ምን አመጣው?»

ሥራሽ ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። ዱቄቱን ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። ስንት ጊዜ እንደሠራሁ፣ ፀጉሬን እንደማሽበት፣ አልጋዬ ላይ እንደምነሰንሰው ሁሉ ጠየቀኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ሲስተሯም ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ።

«ነቀርሳሽን ያመጣው ያ ዱቄት ነው ብዬ አልምልም፤ አይደለም ብዬም አልምልም። የማውቀውን ልንገርሽ። ዱቄቱ በአፍና በአፍንጫ ይገባል፤ በሽንት ታጥቦ ቶሎ አይወጣም። የሰውነት ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። የሴት ጡት ደግሞ ስብ አለው። ከእንግዲህ አትንኪው።»

ከድጃ ከኋላዬ ድንገት «ወተቴስ?» አለች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋለች። ሐኪሙ አያት። «ከወተት ጋር ይወጣል፤ ቢሆንም ማጥባትሽን አታቋርጪ። ጡት ብትከለክያት የባሰ ትጎዳለች። ዱቄቱን ግን ተዪው» አላት።

ያኔ ነው የሞላ ሩጫ የገባኝ። ሞላ ወደ ይርጋ ነው የሄደው። ይርጋ ደግሞ ቀጠሮ አለው።

ልብሴን እንኳ በወጉ ሳልቆልፍ ከአልጋው ወረድኩ። ሲስተሯ «የት ነው? መተኛት አለብሽ!» እያለች ተከተለችኝ። ከድጃ ሰይቼንቶ ታክሲ አስቆመች። ሾፌሩ በገበያው መሀል ጡሩምባውን እየነፋ ሲጋፋ «ፍጠን፣ ሰው ሊሞት ነው» እለዋለሁ፤ እሱ በሽተኛዋ እኔ የሆንኩ መስሎት «አይዞዎት እትዬ» ይለኛል። እህል በረንዳ ስንደርስ ሰዉ ክብ ሠርቶ ነበር። ጥሼ ገባሁ።

ደምሴ ጀርባው ላይ ወድቋል። ቀኝ ትከሻው ከአንገቱ ሥር ጀምሮ ተተርትሯል፤ ደሙ የተደፋ ምስር ላይ እየፈሰሰ ነው። ይርጋ ደረቱ ላይ ተቀምጦ ጩቤውን አንሥቷል። ሞላ ጥግ ቆሞ ያያል። ኩሊዎቹ ጩቤውን ፈርተው አይጠጉም። በሁለቱ መሀል ራሴን ወረወርኩ። በቁስለኛው ጡቴ ደምሴ ላይ ወደቅሁ፤ ቁስሉ ፈረጠ፤ የእኔም የእሱም ደም ተቀላቀለ። ጩቤው ክንዴን ጫረኝ።

«እታለም ተነሺ! ገድሎሻል እኮ!»

«አልገደለኝም! ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ዱላው አይደለም! ከዱላው በፊት የነበረ ነው! ይሄን ሰውዬ ብትገድል በከንቱ ነው የምትገድለው!»

«ትዋሺኛለሽ፤ ልታድኚው ነው!»

«ላድነው? እኔ? እጁን እኮ በጥርሴ የበላሁት ነኝ! አንተን ነው የማድነው ይርጋ! አንተን ቢሰቅሉህ እኔ ምን ልሁን?»

ይርጋ ዓይኔን አየኝ። ስዋሽ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀኛል። ጩቤውን ጣለው። ፖሊስ ሲመጣ አልሮጠም። ሲያስሩት ወደ እኔ ዞሮ አላየም፤ ሞላን ግን አየው። ሞላ አቀረቀረ።

ጡቴ የተቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ስነቃ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ፤ ክንዴ አብጦ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ፋሻው መጀመሪያ ሲፈታ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያቺው ሲስተር አልጋዬ ላይ ተቀምጣ እጄን ያዘችና «ብቻሽን ሆነሽ ከምታይው አሁን እይው፤ እኔ አለሁ» አለችኝ። ከፈትኩ። ከብብቴ እስከ ደረቴ አጥንት የተሰፋ ጠማማ መስመር ነው። ትራሱን ነክሼ ጮህኩ። እሷም እስክጨርስ እጄን አልለቀቀችም።

ሞላ መጥቶ አልጋው ግርጌ ቆመ። «ይርጋን የላክሁት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ወንድ ሆኜ ማድረግ ቢያቅተኝ እሱ ያድርገው ብዬ…» የውሃ ብርጭቆውን ወርውሬ ግድግዳው ላይ ሰበርኩት። «ውጣልኝ!» ወጣ። በማግስቱም መጣ፣ በማግስቱም። አስወጥቼ አስወጥቼ ደከመኝ። ቤት ስገባ ቁስሌን ያጠበው እሱ ነው። መጀመሪያ ፊቱን አዙሮ ያጥብ ነበር፤ ኋላ ኋላ ፊቱን ሳያዞር።

ድኜ መንቀሳቀስ ስጀምር ለይርጋ ስንቅ ይዤ ወደ እስር ቤት እመላለስ ነበር። አንድ ቀን በእህል በረንዳ ሳልፍ የመጋዘኑ በር ክፍት ነው። ክምሩ ላይ አዳዲስ ልጃገረዶች ወጥተው፣ እንደ እኛው ነጭ ሆነው እየሳቁ ያዋህዳሉ። እግሬ ይዞኝ ገባ።

«ውረዱ! መርዝ ነው!» አልኳቸው።

«እትዬ፣ ጠበል ይሂዱ» አለች አንዷ። ሳቁብኝ።

የቀሚሴን ቁልፍ ፈታሁ። ገበያው ሁሉ እያየ ደረቴን ገለጥኩ። «ይኸውላችሁ! እኔም እዚያ ክምር ላይ ነበርኩ! ሐኪሙ ዱቄቱ ነው ብሎ አልማለም፤ ግን ገላ ውስጥ ይቀመጣል ብሎ ነግሮኛል! ጡታችሁን ዳስሱ! ዛሬ ቤት ግቡና ዳስሱ!» ሳቁ ቀጥ አለ። ባለ መጋዘኑ «እብድ ናት፣ አውጧት!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ክንዴን ጠምዝዞ፣ ያበጠውን ክንዴን፣ እየጎተተ ደጅ ጣለኝ። ዞሬ ሳይ ደምሴ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ አይነሣም፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አየኝና ዓይኑን ወደ ሚዛኑ መለሰ። አንዲት ልጅ ብቻ ከክምሩ ወርዳ፣ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች በአጠገቤ አልፋ ሄደች። ሌሎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ደምሴ ቤታችን መጣ። ሞላ በሩ ላይ ሲያየው ዱላ አነሣ። ከደምሴ ኋላ ግን አንዲት ቀጭን ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«እትዬ የሺ» አለኝ። እትዬ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «ባለቤቴ ወርቅነሽ ናት። ያን ቀን ያሉትን ነገርኳት። ዳሰሰች። እብጠት አለ።» በግራ እጁ ወደ ፊት አቀረባት። «የዱቄቱን ባዶ ጆንያ ቤት እያመጣሁ ፍራሽ ሠፍታበት ነበር። ልብሴንም የምታጥበው እሷ ናት። ሐኪሙን ያሳዩኝ።»

ሞላ ዱላውን አላወረደም። «መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሂድና ክሱን ተው። ይርጋ ይፈታ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ደምሴ ወደ ሚስቱ ዞረ። ወርቅነሽ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለውን ፍርሃት እኔ አውቀዋለሁ፤ ብብቴን የዳሰስኩ ሌሊት የነበረው ነው። ይርጋንም አሰብኩ። ለአንድ አፍታ ሞላ ልክ መሰለኝ።

«ዱላውን አስቀምጥ ሞላ» አልኩ። «የዚች ሴት ጡት መያዣ አይደለም።» ነጠላዬን አነሣሁ።

እዚያው የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ እኔ ወርቅነሽን ይዤ፣ ደምሴ ማዶ ቆሞ። ሐኪሙ ከእብጠቷ ቆርጦ ወሰደና ለውጤቱ ቀን ቀጠረን። በቀጠሮዋ ዕለት ሲስተሯ ፈገግ ብላ ወጣች። ነቀርሳ አይደለም። ሌላ ዓይነት እብጠት ነው፣ ወጥቶ ያልቃል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ቅጽበት ሴትዮዋን ልመታት እጄ ተነሥቶ ነበር። እሷ ሁለት ጡቷን ይዛ ወደ ቤቷ ልትገባ ነው። የእኔን ግን የት እንደጣሉት እንኳ አላውቅም። ለምን እኔ? ስል ደረቴ ተቃጠለ። ወርቅነሽ ምን እንዳየችብኝ አላውቅም፤ መጥታ ራሷን በዚያ ባዶ ጎኔ ላይ አሳርፋ ማልቀስ ጀመረች። እጄ ወረደና ጀርባዋ ላይ አረፈ። ደምሴ ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ «ተነሥ፣ እኔ ታቦት አይደለሁም» አልኩት።

ደምሴ ክሱን አልተወውም፤ መንግሥትም አይተውለትም ነበር። ይርጋ ተፈርዶበት ታሰረ፤ ጨርሶም ወጣ። ሽማግሌዎች ሲያስታርቋቸው ተጨባበጡ እንጂ አልተቃቀፉም። ይርጋ ወደ ጎጃም ተመለሰ። ደምሴም መጋዘኑን ትቶ ወጣ፤ ጨው ተራ አንድ ሱቅ ደጃፍ እንደሚቀመጥ ሰምቻለሁ።

እኔ ይኸው በሕይወት አለሁ። ክንዴ ዛሬም በብርድ ያብጣል፤ ባሳለኝ ቁጥር ተመለሰ ወይ እያልኩ እፈራለሁ። ሐኪሙ አላውቅም ያለውን እኔ አውቃለሁ አልልም። ዱቄቱን የነካ ሁሉ ይታመማል ማለቴም አይደለም፤ ከድጃ እስካሁን ደኅና ናት፣ ልጇም አድጋ ተድራለች። እኔ የምለው የማታውቁትን ነገር በባዶ እጃችሁ አትንኩ፣ ለፀጉርም ለአልጋም አታድርጉት፤ እብጠት ብታገኙ ደግሞ እሳትም መታሸትም ሳይቀድም ሐኪም ጋ ሂዱ ነው። አለማመሙ አያታልላችሁ።

ደረቴን ገበያ መሀል በመግለጤ እስካሁን የሚያሙኝ አሉ። ይሙኝ። ያን ቀን ከክምሩ የወረደችውን ልጅ ስሟን አላውቅም፣ የት እንደደረሰችም አላውቅም። መውረዷን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።